የመጋረጃ ሰፊዋ ቴፕ

ወሬው እንዲህ ነው። መጋረጃ ሰፊዋ የስፌት ማሽኗን ሸጣ፣ ለዚያች ለአሮጌ መኪናዋ በርሜል የሚያክል ስፒከር አስገጠመች። ገና ስትከፍተው የመድኃኒት ቤቱ መስታወት ረገፈ፤ የማዶው ፀጉር ቆራጭ እጁ ተንቀጥቅጦ የደንበኛውን ግማሽ ፂም ይዞ ሄደ፤ ባልየውም ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ከቤት ወጣ፤ እስካሁንም አልተመለሰም።

የካፌው በረንዳ ይህን ወሬ ከማኪያቶ ጋር አብሮ ያቀርባል። ስኳሩን የሚጨምረው እያንዳንዱ ደንበኛ ነው።

ትንሽ ላሰበበት ሰው ግን ወሬው እግሩ አጭር ነው። የመድኃኒት ቤቱ መስታወት ከተሰነጠቀ ቆይቷል፤ ስንጥቁን የያዘው ፕላስተር ራሱ አርጅቷል። ፀጉር ቆራጩም ፂም ለማበላሸት የማንም ስፒከር እርዳታ አስፈልጎት አያውቅም። በርሜሉንማ ተዉት፤ መኪናዋ በርሜል ውስጥ ትገባ እንደሆነ እንጂ በርሜል እሷ ውስጥ አይገባም።

ነገሩ የጀመረው ባልየው "መኪናሽ ውስጥ ሁለተኛ አልገባም" ያለ ዕለት ነው።

ባልየው ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ሞተሩ አንዱን ጆሮውን ጨርሶ በልቶበታል፤ ሌላውን ቀምሶ ትቶለታል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደስታው አንድ ነበር፤ ሚስቱ የሰፋችውን መጋረጃ ልታደርስ ስትሄድ ጎኗ ተቀምጦ በራዲዮ ኳስ ማዳመጥ። ማዳመጥ ስንል፣ ከጋዜጠኛውም ከሚስቱ አነዳድም ጋር መጨቃጨቅ ማለታችን ነው። መኪናዋ ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ቴፕ ግን እያደር ደከመ፤ የአንዱ በር ስፒከር ዝም አለ፤ የሌላው ተቀደደ። አንድ ቀን ባልየው "ይሄ ራዲዮ አይደለም፤ ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ዝንብ ነው" አለና ወርዶ ቤት ገባ። ከዚያ በኋላ መስኮቱ ሥር ወንበር ስቦ መንገዱን ማየት ሥራው ሆነ።

መጋረጃ ሰፊዋ በባዶው ወንበር ላይ ጨርቅ መጫን ጀመረች። ጨርቅ ደግሞ አይጨቃጨቅም። ዕድሜዋን ሙሉ "ምነው አፉን በዘጋልኝ" ስትል የኖረች ሴት፣ አፉ ሲዘጋ ጊዜ መሪው ከበዳት።

ስለዚህ ቴፕ ጠጋኙ ዘንድ ሄደች። ሰፈሩ ቮልት ነው የሚለው፤ ከሱቁ ይልቅ ካፌው በረንዳ ላይ ይገኛል። የመኪናዋን በር ከፍቶ ዘጋ፤ ደግሞ ከፈተ፤ በሩም ተንኳኳለት።

"እትዬ፣ ቴፑን ከመቀየር መኪናዋን መቀየር ይሻላል።"

"ባሌንስ?"

"እሱን እንኳ እኔ አልገጥምም።"

በረንዳው ሳቀ።

"እንግዲያው ቴፑንና ስፒከሮቹን ሽጥልኝ፤ እኔው ራሴ እገጥመዋለሁ" አለች። "የበር ሽፋን ማለት የሶፋ ልብስ ማለት ነው። የለበሰ ሁሉ መውለቂያ አለው።"

እውነትም አወለቀችው፤ በካቻቢቴና በስፌት መፍቻዋ፣ እዚያው ካፌው ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ጥላ ሥር፣ አንድ ብሎን ሳይጠፋባት። የበሩን ባዶ ሆድ ስታይ ለምን እንደሚንኳኳ ገባት፤ ብርቱ ብርድ የሚያንቀጠቅጠው ሰው ይመስላል። የወፍራም መጋረጃ ገበር አለበሰችው። ለስፒከሩ መቀመጫ በወረቀት ንድፍ አውጥታ ከኮምፔንሳቶ ቀለበት ቆረጠች። ቀለበቱ ልክ ሲገጥም በረንዳው ላይ ሳቁ ትንሽ ቀዘቀዘ።

ሽቦው ላይ ስትደርስ ግን ሙያዋ ጉድ ሠራት። በግራው በር ቀይና ጥቁር ነበር፤ ቀይን ከቀይ፣ ጥቁርን ከጥቁር አገናኘች። የቀኙን በር ሽቦ ግን የትኛው የድሮ ጠጋኝ እንደቀጠለው እንጃ፣ አንዱ ቡናማ ሌላው ሰማያዊ ነው። እሷም ክር እንደምትመርጥ ሆና አሰበች፤ ቡናማ ለቀይ ይቀርባል፣ ሰማያዊ ከጥቁር ይስማማል። ለመጋረጃ ቢሆን እንከን የማይወጣለት ምርጫ ነበር።

ቴፑን ከፈተች። ግራው ለብቻው ሲዘፍን ያምራል፤ ቀኙም ለብቻው ያምራል። ሁለቱ አብረው ሲዘፍኑ ግን ወፍራሙ ድምፅ እልም ብሎ ጠፋ።

"ዝንቡ ወንድሙን ጠርቶት መጣ" አለ ፀጉር ቆራጩ ከማዶ።

የመጋረጃ ሰፊዋ ዓይን መንገዱ ጥግ ወዳለው ቤቷ ሄደ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ባልየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ካቻቢቴውን ልታስቀምጥ ጎንበስ ስትል ቮልት ብርጭቆውን እንደያዘ መጣ። ቅድም መቀለዱ አሳፍሮት ይሁን ድምፁ አንገብግቦት አይታወቅም።

"እትዬ፣ ጥፋቱ ትንሽ ነው። አንዱ ሲገፋ ሌላው እየጎተተ ነው።"

"የእኛን ቤት ነው እንዴ የምታወራው?"

"የስፒከሩን። በባትሪ ድንጋይ ሽቦውን ነካ ያድርጉት፤ የሁለቱም ሆድ ወደ ውጭ መነፋት አለበት። ወደ ውስጥ የሚገባው ሽቦው ተገልብጧል ማለት ነው።"

ካፌው ውስጥ ገብታ የግድግዳውን ሰዓት ባትሪ ድንጋይ አውጥታ መጣች። ሰዓቱ ቆመ፤ በረንዳው ላይም ሥራ የረፈደበት ሰው ጠፋ። ሽቦዎቹን ከቴፑ ነቅላ በባትሪው ነካች። የግራው ሆድ ወደ ውጭ ተነፋ። የቀኙ ወደ ውስጥ ገባ።

"አንተ ነህ ለካ" አለችው ቀኙን። ቡናማውንና ሰማያዊውን አቀያይራ በናስትሮ ጠቀለለች፤ በናስትሮው ላይም ቀይ ክር አሰረች፤ ከእንግዲህ ቀለም እንዳያታልላት።

በዚህ ጊዜ ቴፑን እዚያ አልከፈተችውም። ሽፋኖቹን መልሳ፣ መኪናዋን ነድታ የቤቷ መስኮት ሥር አቆመችና ኳሱን ለቀቀችው። የሕዝቡ ጩኸት ከሁለቱ በሮች ተነሥቶ እንደ ጎርፍ መሐል ላይ ተገናኘ። ባልየው በነጠላ ጫማ ወጣ። መኪናዋ ውስጥ ገባ፤ ተቀመጠ፤ ደህናውን ጆሮውን ወደ በሩ አዘነበለ። ሚስትየው መሪውን ጨብጣ ጠበቀች።

"ሰውዬው ጉንፋን ይዞታል" አለ።

"የቱ ሰውዬ?"

"ጨዋታውን የሚያስተላልፈው። አፍንጫው ታፍኗል፤ አይሰማሽም?" ቀበቶውን አሰረ። "ምን ቆመሻል ታዲያ? ንጂው እንጂ። ማርሹን ደግሞ አታንገጫግጪው።"

በማርሽ ተሰድባ እንደዚያ ቀን የኮራች ሴት በዚህ ምድር አልታየችም። ካፌው ጋ ስትደርስ ዝግ አለች፤ የመስኮቱን መስታወት እስከ ታች አወረደች። በረንዳው እንዳለ ተነሥቶ ቆመ፤ ቮልት የገጠመው እሱ የሆነ ይመስል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣ። መኪናዋ ከአስፋልቱ አንድ ክንድ ከፍ ብላ ነው ያለፈችው ብሎ የሚምል ሰው አለ፤ አይዋሽም።

ከዚያ ወዲህ ባልየው መስኮቱ ሥር ታይቶ አያውቅም። ከመኪናዋ ወርዶ አያውቅማ፤ እዚያም የመጋረጃው ክምር ይሸፍነዋል። ወሬውም ከዚህ ተወለደ።

አንድ ቀን መጋረጃ ጭና በካፌው በኩል ስታልፍ ፀጉር ቆራጩ መንገድ ላይ አስቆማት።

"እትዬ፣ ማሽንዎን ሸጠው በርሜል የሚያክል ስፒከር አስገጠሙ አሉ። መስታወት ረገፈ፤ ባልዎም ጠፉ ይባላል።"

ከጎኗ ካለው የመጋረጃ ክምር ጀርባ አንድ ራስ ብቅ አለ። "ዝም በሉ፤ ቅጣት ምት ነው።"

መጋረጃ ሰፊዋ የራዲዮውን ድምፅ አልቀነሰችም፤ የራሷን ድምፅ ግን ዝቅ አደረገች።

"ማሽኔ ቤት ነው። ስፒከሩ መዳፌን ያክላል። አንድም መስታወት አልረገፈም። ባሌ ይኸው። ያወራችሁት በሙሉ ውሸት ነው።"