በቦሳ ኪቶ የሞከርነው ሽጉጥ

ባለፈው ሳምንት ከሰርቦ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ የመኪናው መስኮት ክፍት ነበር። ጅማ ከተማ ጫፍ፣ ከቡና መፈልፈያው አጠገብ፣ ዝናብ ያረጠበው የገለባ ክምር ውስጥ ውስጡን ይጨሳል። ጎምዘዝ ያለ፣ የበሰበሰ ቅጠልና ያረረ ስኳር የተቀላቀለበት የሚመስል ሽታ ገባ። ቀኝ እጄ ሳላዘው ጭኔ ላይ ጭብጥ አለ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ «አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም አልኳት።

አንቺ ባለፈው «አክስቴ፣ እውነት ሽጉጥ ትተኩሺ ነበር?» ብለሽ ስትስቂ እኔም ስቄ አልፌዋለሁ። አሁን ልንገርሽ።

የደርግ ጊዜ ነበር፤ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ፣ አያትሽ ማለት ነው፣ ጅማ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። ከሱቁ በረንዳ ላይ ደግሞ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ይውላሉ። አባቴ ጨርቁን በሜትር ይለካል፣ እሳቸው ይቆርጡታል፣ ይሰፉታል። ሰውየው ከሸዋ መጥተው የከተሙ ክርስቲያን ነበሩ፤ እኛ ደግሞ አያት ቅድመ አያታችን እዚያው የተቀበረ እስላሞች ነን። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከመዋላቸው ብዛት አንዱ የጀመረውን ወሬ ሌላው ይጨርስለት ነበር።

የልብስ ሰፊው ልጅ ከእኔ ጥቂት ዓመት ይበልጣል። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ አጥቶ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲራመድ መሬት የሚያስፈቅድ የሚመስል ልጅ ነው። እኔና እሱ የክፍለ ሀገሩ የዒላማ ተኩስ ቡድን ውስጥ ነበርን። እኔ የገባሁት በትምህርት ቤት ውድድር በትንሽ ጠመንጃ ደህና ስለተኮስኩ ነው። እሱ በሽጉጥ ከሁላችንም ይበልጥ ነበር።

የምንለማመደው ከጅማው ቦሳ ኪቶ ሰፈር ወጣ ብሎ፣ ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት በነበረ ገደል ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ጉም ሞልቶበት እናገኘዋለን፤ ፀሐይ ስትወጣ ጉሙ ቀስ ብሎ እንደ መጋረጃ ይነሳል። ከዒላማው ጀርባ አፈርና የቡና ገለባ የታጨቀባቸው ጆንያዎች ተደርድረዋል። ጥይት ሲገባባቸው ጡፍ የሚል የታፈነ ድምፅ ያወጣሉ። ከተኩሱ በኋላ የባሩዱና የገለባው ሽታ አንድ ላይ ይመጣል። መኪናው ውስጥ ያገኘኝ እሱ ሽታ ነው።

አሰልጣኛችን ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። ግራ ጆሯቸውን መድፍ ስላደነቆረው ስናናግራቸው ቀኝ ጎናቸውን ያዞሩልናል። ቡድኑ የነበረው አንድ ያረጀ ከባድ ሽጉጥ ነው። ለልብስ ሰፊው ልጅ የታዘዘ ይመስል ነበር፤ ክንዱን ዘርግቶ ሲይዘው ሽጉጡም ክንዱም ከገደሉ ድንጋይ የተጠረቡ ነው የሚመስለው። እኔ ግን ገና ሁለተኛውን ጥይት ሳልተኩስ ክንዴ ይዝላል፤ አፈሙዙ ወደ መሬት ያጎነብሳል። አሰልጣኙ «አንቺ ዓይን አለሽ፤ ክንድ ነው የጎደለሽ» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን በካርቶን የተጠቀለለ ሳጥን ይዘው መጡ። ውስጡ አዲስ ሽጉጥ ነበር፤ ከወዳጅ አገር በእርዳታ የመጣ፣ በተኮሱ ቁጥር ቀለሁን ራሱ አውጥቶ ሌላውን ጥይት ራሱ የሚጎርስ። እጄ ላይ ሲያስቀምጡት አንድ ነገር ገና የሚጨምሩልኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። እንደዚያ ቀላል ነበር።

«ቀላል ነው ማለት ጥሩ ነው ማለት አይደለም» አሉ አሰልጣኙ። «ለውድድር ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለውን የክፍለ ሀገሩ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ከእኛ ይጠብቃል። እናንተ ሁለታችሁ ሞክሩት። በጉምም፣ በፀሐይም፣ ከዝናብ በኋላም። ከዚያ የጽሕፈት ቤቱ ሹም ራሳቸው መጥተው ያያሉ።»

የልብስ ሰፊው ልጅ መጀመሪያ አልወደደውም። «እንደ ወረቀት ነው» አለ። ከባዱ ሽጉጥ በክብደቱ እጅን ያረጋጋል፤ ይኼኛው ግን የልብ ምትን ሳይቀር ያሳያል። ቀዳዳዎቹ ወረቀቱ ላይ እንደ ተበተነ እህል ሆኑበት። በእኔ እጅ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ሽጉጡ በየመሀሉ ይያዛል፤ ቀለሁ ሳይወጣ ግማሽ መንገድ ላይ ይሰነቀራል። አሰልጣኙ ጥይቱ እርጥበት ጠጥቶ ይሆናል አሉ። እሱ ግን ቆሞ እጄን ሲያይ ቆየ።

«ጥይቱ አይደለም» አለኝ። «የእጅሽ አንጓ ነው። ስትተኩሺ አብሮት ይታጠፋል። ሽጉጡ ወደ ኋላ ሲመታ የሚደገፍበት ነገር ያጣል። ቀላል ስለሆነ ያንቺን ድጋፍ ይፈልጋል።»

አንጓዬን በሁለት ጣቶቹ ይዞ አቀናልኝ። «ሂን ሶዳቲን» አለኝ። አትፍሪ ማለቱ ነው፤ ኦሮምኛ የሚቀናው ሊያጽናና ሲፈልግ ነበር። ተኮስኩ። ቀለሁ ጥርት ብሎ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ተንቃጨለ። ከዚያ በኋላ አልተሰነቀረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋቶቹ እንዴት እንዳለፉ አላውቅም። ሽጉጡ ክንዴ ላይ የሚያርፍ እንጂ ክንዴን የሚጎትት አልሆነም። ትንፋሼን አውጥቼ ግማሹ ላይ ስይዘው፣ ምላጩ ሳልጎትተው የተለቀቀ እስኪመስለኝ ድረስ ለስላሳ ነበር። ቀዳዳዎቹ ቀን በቀን እየተቀራረቡ መጡ። አሰልጣኙ ወረቀቱን ነቅለው ወደ ብርሃን ያነሱትና አጥፈው ኪሳቸው ይከቱታል።

ሹሙ ሊመጡ ሲሉ አሰልጣኙ ሁለታችንን ጠርተው ድንጋይ ላይ አስቀመጡን።

«ለመላው አገር ውድድር ከዚህ በሽጉጥ የሚሄደው አንድ ሰው ነው» አሉ። «ሴት ተኳሽ ካለች ሴት ትምጣ ተብሏል። ከባዱን ሽጉጥ ሴት አልያዘችውም። ስለዚህ ይህ ቀላሉ ለውድድር ይሆናል ከተባለ እሷ ትሄዳለች። አይሆንም ከተባለ አንተ ትሄዳለህ።» ቀጥለውም «የሄደው ሰው ስፖርት ክበብ ይይዘዋል ነው የሚባለው» አሉ።

ይኼን ማብራራት አላስፈለጋቸውም። በየቀበሌው ወጣት ለብሔራዊ ውትድርና የሚጠራበት ጊዜ ነበር። ክበብ የያዘው ልጅ አይነካም ይባላል። ሥራ የሌለው፣ ክበብ የሌለው ግን መጠራቱ የጊዜ ጉዳይ ነው። እኔ ቀርቼ የማጣው ሜዳሊያ ነው።

ማታ ራት ላይ ለአባቴ ነገርኩት። የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠው።

«ያ ልጅ ካልሄደ ይወስዱታል» አለ።

«አውቃለሁ አባ።»

«አባቱ ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ነው የሚቀመጠው።» እጁን ታጠበ። «ሳት በይ ብልሽ ውሸት አስተማርኩሽ። አትሳቺ ብልሽ ደግሞ... ወላሂ የምልሽን አላውቅም፣ ኢንተላ ኮ።» ልጄ ማለቱ ነው። መሶቡን ገፋ አድርጎ ተነሳ።

በማግስቱ ወደ ገደሉ ስንወርድ መንገዱ ጭቃ ነበር። የልብስ ሰፊው ልጅ ከፊቴ እየሄደ የሚረገጠውን ድንጋይ ያሳየኛል። ጀርባውን እያየሁ «ነገ ብስትስ?» አልኩት።

ቆመ። ዞር አላለም። «ብትስቺ አውቅብሻለሁ» አለ። «አሰልጣኙም ያውቁብሻል። ቀዳዳ አይዋሽም።»

«አንተስ? ይወስዱህ የለ?»

«ምናልባት ይወስዱኝ ይሆናል። ምናልባት ብሄድም ይወስዱኝ ይሆናል።» ያኔ ነው ዞሮ ያየኝ። «ብቻ እንዳታደርጊው። እኔን መርጃ ብለሽ ያበላሸሽው ተኩስ ዕድሜ ልክሽን አይለቅሽም።»

ሹሙ የመጡት ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ነው። ካኪ ልብሳቸውን የለበሱ፣ ጫማቸውን ከጭቃ ለማዳን በጫፍ ጫፉ የሚረግጡ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ የልብስ ሰፊው ልጅ በከባዱ ተኮሰ፤ እንደ ወትሮው አማረበት። ቀጥሎ በአዲሱ ተኮሰ፤ ደህና ነበር፣ ግን ደህና ብቻ። ከዚያ እኔ ገባሁ።

ስለ ተኩሱ ብዙ የምነግርሽ የለኝም። ገደሉ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ከቅጠል ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኛል። አንጓዬን አጠበቅሁ። አልሳትኩም። አሰልጣኙ ወረቀቱን ሲያመጡት ቀዳዳዎቹ በአንድ ብርጭቆ አፍ የሚከደኑ ነበሩ።

ሹሙ ወረቀቱን አዩት፤ ሽጉጡንም በመዳፋቸው ከፍ ዝቅ አደረጉት። «መጫወቻ ይመስላል» አሉ። ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊው ልጅ ዞሩ። «ነባሩ ተኳሽ አንተ ነህ አሉ። እሷ ዕድል ቀንቷት ሊሆን ይችላል። አንተ የምትለውን ነው የምጽፈው። ይሆናል ወይስ አይሆንም?»

አይሆንም ቢል ማንም አይከራከረውም ነበር። እኔ እንኳ አልከራከረውም። አሰልጣኙ ደህናውን ጆሯቸውን ወደ እሱ አዙረው ጠበቁ። እሱ ሽጉጡን ከሹሙ ተቀብሎ ካዝናውን አወጣና ባዶ መሆኑን አየ፤ እንደ ልማዱ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ለእኔ እጅ አይደለም» አለ። «እኔ ክብደት ለምጃለሁ። ይኼ ቀላል ስለሆነ ስህተት አይደብቅም፤ አንጓውን ላላ ያደረገ ሰው ቀለህ ይሰነቀርበታል። ግን ምላጩ ንጹህ ነው። ሲተኮስም ብዙ አይዘልም፤ ዓይን ከዒላማው ሳይነሳ ለሚቀጥለው ይደርሳል። ክንድ አያዝልም። መጨረሻ ላይ የሚተኮሰው እንደ መጀመሪያው ይሆናል። ለዒላማ ከመጡልን ሁሉ የተሻለ ነው። እሷም ያገኘችው በዕድል አይደለም።»

«ስለዚህ እሷ ትሂድ ነው የምትለው?»

«ኤዬ» አለ፤ አዎ ማለቱ ነው። «ትሂድ።»

ሹሙ ጻፉ። አሰልጣኙ ቀለህ ሊለቅሙ ጎንበስ አሉ። መሬቱ ላይ የቀረ ቀለህ እንዳልነበረ አይቻለሁ፤ እሳቸው ግን ለረጅም ጊዜ ቀና አላሉም።

ወደ ከተማ ስንመለስ ፈጠን ብዬ ደረስኩበት። «ለምን እንደዚያ አልክ?» አልኩት።

«ጠየቁኝ፣ መለስኩ» አለኝ። ትንሽ ከተጓዝን በኋላ ፈገግ ብሎ «አባቴ ለጠባብ ትከሻ ሰፊ ኮት ሰፍቶ አያውቅም፤ ደንበኛው ቢለምነውም» አለ። ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው፤ የፊት ጥርሶቹ መሀል ክፍተት ነበረው።

አዲስ አበባ ሄጄ ተወዳደርኩ። ደረጃዬ ከመሀል ሆነ፤ ማንም ክበብ አልያዘኝም፤ ሲወራ የነበረው ሁሉ ወሬ ሆኖ ቀረ። ስመለስ በረንዳው ላይ ልብስ ሰፊው ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። የስፌት መኪናው ተሸፍኗል። አባቴ ከውስጥ ወጥቶ ሻንጣዬን ተቀበለኝና «ልጁን ትናንት ሸኘነው» አለኝ። የሄደበት ማሰልጠኛ የት እንደሆነ ያኔ አላወቅንም። በኋላ ወደ ሰሜን መዝመቱን አንድ የሸቤ ከተማ ልጅ አወራልን። ከዚያ ወዲህ የሰማነው የለም።

ሽጉጥ አልያዝኩም ከዚያ በኋላ። ተጸጽቼ አይደለም፤ ገደሉ ያለ እሱ ሰፊ ሆነብኝ።

መንግሥት ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በእግሩም በጭነት መኪናም ወደየቤቱ ይገባ ጀመር። ልብስ ሰፊው ጠዋት ተነስተው ከከተማው መግቢያ፣ ከአዲስ አበባ መንገድ ዳር፣ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር። አቧራ የለበሰ፣ ጫማ የሌለው፣ ዓይኑ የጎደጎደ ወጣት ሁሉ በፊታቸው ያልፋል። አባቴ ሱቁን ዘግቶ አጠገባቸው መቀመጥ ጀመረ። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ብቻ ይነሳና ተመልሶ ይመጣል።

እኔ ያኔ አስተማሪ ሆኜ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዳቦና ሻይ ይዤላቸው እሄዳለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት፣ መንገዱ ጭር ባለበት፣ ልብስ ሰፊው ሻዩን ተቀብለው በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እሱ በተኩሱ ጎበዝ ነበር ወይ?» አሉኝ። «ቤት መጥቶ አያወራም ነበር።»

«ጎበዝ ነበር አባባ።»

«ካንቺ ይበልጥ ነበር?»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይበልጠኝ ነበር» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሻዩን አንዴ ፉት አሉ። ከዚያ ወደ አባቴ ጠጋ ብለው በእጃቸው አግዳሚውን ጠረግ ጠረግ አደረጉልኝ። ተቀመጥኩ፤ ሦስታችንም መንገዱን ማየት ጀመርን።