በሁዳዴ የሰጠሁት ቅጣት

ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ባምቢስ አካባቢ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ካዛንቺስ፣ በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ የሕፃናት ክፍል መምህር ለመሆን እሠለጥናለሁ። በእኛ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ዘጠኝ ሠልጣኞች ነበርን።

አሠልጣኛችን ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበሩ፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። አጭር፣ ድምፃቸውም ቀጭን፣ ግን ሳላቸው እንኳ የሚያስፈራ ሴት። የመጀመሪያው ቀን ወንበሮቹን በሙሉ አስወጥተው ምንጣፍ ላይ አስቀመጡን። “ልጅ እናንተን የሚያያችሁ ከዚህ ሆኖ ነው” አሉ። እኔ ግን ከምንጣፉ ይልቅ የጽሑፍ ፈተናውን ነበር የምጠብቀው። ደርሶም ስለ ጾም፣ ስለ በዓላትና ስለ ስግደት የተጠየቅሁትን ሁሉ መልሼ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። ወረቀቱን ለማንም ባላሳይም፣ ሰው እንዲያየው አድርጌ ነበር የምይዘው።

ከዚያ ለልምምድ ለእያንዳንዳችን ክፍል ተሰጠን፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናስተምራለን። እትዬ በየተራ ከኋላ ተቀምጠው ያዩናል። ከፋሲካ በኋላ የመምህራኑን ስም ዝርዝር የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። በሕይወቴ ከዚያ ዝርዝር አብልጬ የተመኘሁት ነገር አልነበረም።

የእኔ ክፍል ልጆች ሰባትና ስምንት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ሙሉ ነጥቤን ከምንም አልቆጠሩትም። በተለይ አንዲት የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ልጅ ነበረች፤ እኔ በቁም ነገር ስናገር ወደ ጓደኞቿ ዞራ የሆነ ነገር ሹክ ትላለች፣ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። በሦስተኛው እሑድ ትዕግሥቴ አለቀ። ንስሐ አባቴ ለእኔ የሚሰጡኝ የስግደት ቀኖና ትዝ አለኝና “ተነሺ፣ ሃያ ስገጂ” አልኳት።

ሰገደች። ክፍሉም ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲያ ቁጥር መጥራት ብቻ ይበቃኝ ጀመር፤ የረበሸ ዐሥር፣ የደገመ ሃያ። ሁዳዴውን በሙሉ እንዲሁ አስተማርኩ። ክፍሏ የገበያ ቀን የሚመስልባት አንዲት ሠልጣኝ ጓደኛዬ ምስጢሬን ብትጠይቀኝ “በቃ ፍቅር ነው፤ ልጅ ፍቅር ከሰጠሽው ይሰማሻል” አልኳት። ሳልሳቅ ነው ያልኩት።

የስቅለት ቀን የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በምእመናን ሞልቶ ነበር። ሁሉም ይሰግዳል። እኔም እየሰገድኩ ቀና ስል፣ ያቺ ልጅ ከፊቴ፣ ከእናቷ አጠገብ ቆማለች። ሰው ሁሉ ሲወድቅ እሷ ብቻ ቀጥ ብላ እጇን አጣምራለች። እናቷ ነጠላዋን ጎተት አድርጋ “ስገጂ እንጂ የኔ እናት” አለቻት።

“ዛሬ እኮ አልረበሽኩም” አለች ልጅቷ፤ እንባዋ መጣ። “ምንም አላጠፋሁም እኮ እማዬ።”

እናቷ አልገባትም። የራባት መስሏት ጥላ ያለበት ወሰደቻት። እኔ ግን ገብቶኛል። ግንባሬን መሬት አስነክቼ ቶሎ መነሣት አቃተኝ።

ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ዝም ብል ስሜ ዝርዝሩ ላይ ይወጣል። ሁለት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ፤ የፋሲካው ሥጋ እንኳ አልጣመኝም። በማግስቱ ሰኞ እትዬ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። አፌ መች ዝም ይላል፣ ነግሬ ስጨርስ “ግን እኮ እትዬ፣ ንስሐ አባቴም ለእኔ ስግደት ይሰጡኛል” ብዬ ጨመርኩ።

“ንስሐ አባትሽ መድኃኒት ነው የሰጡሽ” አሉ። “አንቺ ከመድኃኒቱ አለንጋ ሠራሽ።” ደግሞም “ለመሆኑ በሰንበት ይሰገዳል?”

አይሰገድም። ሙሉ ነጥብ ካገኘሁባቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ነጠላቸውን ደረብ አድርገው ወደ ልጅቷ ቤት ይዘውኝ ሄዱ። እናቷ እንግድነት የመጣን መስሏት ደስ ብሏት ተቀበለችን። ወደ እሷ ዞሬ ይቅርታዬን ስጀምር እትዬ አቋረጡኝ። “ለእሷ አይደለም” አሉና ጥግ ላይ ዳቦ የምትበላውን ልጅ አመለከቱኝ።

“ኧረ እትዬ፣ ደግሞ ለልጅ?” አለች እናቷ፣ ደንግጣ።

“የተበደለችው እሷ ናት።”

ሄጄ ፊት ለፊቷ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ስግደት ቅጣት እንዳልሆነ፣ ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳትና ይቅር በይኝ አልኳት። ዳቦዋን እያኘከች አየችኝ። “እሺ” አለች።

ስንመለስ እትዬ ስሜ ዝርዝሩ ውስጥ እንደማይኖር ነገሩኝ። “እስከ ጰራቅሊጦስ ስግደት የለም። ኀምሳውን ቀን ከልጆቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጪ። ከዚያ በኋላ ከቅጣቱ ውስጧ ምን እንደቀረ ልጅቷ ራሷ ታሳየናለች።” ተናድጄ ነበር። ጥፋቴን አምኜ፣ መሬት ተቀምጬ ይቅርታ ጠይቄ፣ ደግሞ ይህ? ክፍሌ እስከዚያው የተሰጠው ስለ ፍቅር ለሰበክሁላት ለዚያችው ጓደኛዬ መሆኑ ደግሞ አንጀቴን አሳረረው።

ቢሆንም ተቀመጥኩ። ከኋላ፣ ከልጅቷ አጠገብ። ሹክ የምትለውን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ስለ ሆሳዕና አህያ ሲነገር “ከዚያ በኋላ ሣር ሰጧት?” ትላለች። ዳዊት ጎልያድን ሲጥለው “እናቱ ግን አልተቆጣችውም?” ለካስ ትረብሽ የነበረው ትምህርቱን ከማንም በላይ ስለምትሰማ ነው። እኔ ቆሜ ሳስተምር አንዱም ጆሮዬ አልደረሰም ነበር። በአራተኛው ሳምንት ገደማ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ መስማት ጀመረች።

እትዬን ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ፤ ነፍሳቸውን ይማር። እኔም እንደ አቅሜ መምህራን አሠለጥናለሁ፤ አዲስ ሠልጣኝ ሲመጣ መጀመሪያ የምነግረው ይህንኑ ጉዴን ነው። ያን ጊዜ ራርተውልኝ ዝርዝሩ ውስጥ ቢያስገቡኝ ኖሮ ስንቱን ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አባርሬው ነበር። ይህን ሳስብ ይዘገንነኛል።

በዚያ ዓመት የሐዋርያት ጾም በገባ በመጀመሪያው ረቡዕ ልጆቹ መዝሙር አጥንተው ሲወጡ እትዬና እኔ አብረናቸው ነበርን። ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ስንደርስ ሌሎቹ ሰግደው ሮጡ። ልጅቷ ቆመች። ተንበርክኬ ሰገድኩ። ስነሣ ትክ ብላ እያየችኝ ነው።

“ምን አጥፍተሽ ነው?” አለችኝ።

“ዛሬ ምንም። ደስ ብሎኝ ነው።”

አሰበችበት። ወደ በሩ አየች፣ ወደ እኔ አየች።

“እኔም ደስ ብሎኛል” አለችና ሰገደች። ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች፤ ጓደኞቿ ወዳሉበትም ሮጠች።

እትዬ ከኋላዬ ሆነው ሁሉንም አይተዋል። “በይ፣ እሑድ ክፍልሽን ያዢ” አሉኝ።