በጅብ እጅ ለቅሶ መድረስ

ትናንት ረፋድ ላይ ቀኝ እጄ የጅብ እጅ ሆነ... እዚሁ ካራ፣ ገዛ ቤቴ ውስጥ፣ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሰናይት ለልጆች ቲያትር ልብስ ትሰፋለች። ሰሞኑን የያዘችው የጅብ ልብስ ነው። ከአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ፣ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ጥፍርና መዳፍ ትቆርጥና ነጭ የጨርቅ ጓንት ላይ ትለጥፈዋለች። ጥፍሩን የበሰበሰ ጥርስ አስመስላ ቢጫ ቀብታዋለች። ባየሁት ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። ሰው የእግዜር እጅ ተሰጥቶት የአውሬ እጅ ይሰፋል?

ከዚያ የባሰው ማጣበቂያው ነው። ማስቲሽ ይሉታል... ያ መንገድ ዳር ልጆች በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው የሚስቡት ግም። ክዳኑን ስትከፍተው ጋቢዬ ሸተተ፣ የምጠጣው ውሃ ሸተተ፣ ግድግዳ ላይ ያለው የሟች ሚስቴ ፎቶ እንኳ አፍንጫዋን የያዘች መሰለኝ።

«ይኼ ነገር ቤቴ አይገባም» አልኳት።

«አባዬ፣ ጎማና ጨርቅ አጣብቆ የሚይዝልኝ እሱ ነው። ጎማውን በብርጭቆ ወረቀት ትፍቀዋለህ፣ ሁለቱንም ወገን ስስ አድርገህ ትቀባለህ፣ ጣትህን እስከማይዝ ድረስ ታደርቀዋለህ፣ ከዚያ ትጫነዋለህ።»

«ከደረቀ በኋላ ምኑ ነው የሚጣበቀው? ያችን ትንሿን ሱፐር ግሉ ብታመጪ ባንድ ጠብታ ያልቅ ነበር።»

«እሷ ጣት ሲታጠፍ ትሰነጠቃለች። ጨርቅ ላይ ደግሞ ታቃጥላለች። እባክህ አባዬ እንዳትነካብኝ» ብላ ለጅቡ ጸጉር የሚሆን ጨርቅ ፍለጋ ሾላ ገበያ ወረደች።

እንዳትነካብኝ... በገዛ ቤቴ።

ማስቲሹን ክዳኑን ጠርቅሜ አውጥቼ አጥሩ ስር አስቀመጥኩት። እሷ ሳትመለስ ልጨርስላት ብዬ ከሱቅ ሱፐር ግሉ ገዛሁ። ጥፍሩ የእጅ ቅርጽ እንዲይዝ ብዬ ጓንቱን ራሴ አጠለቅሁና አፈሰስኩበት። ጥፍሮቹን ደርድሬ ጭብጥ አደረግሁ።

መጀመሪያ ሞቀኝ። ከዚያ ፈጀኝ። ጨርቁ ሙጫውን ጠጥቶ ይጨሳል... ዓይን የሚቆጠቁጥ ጭስ። ላወልቀው ስጎትት ቆዳዬ አብሮ ተነሳ። ውሃ ውስጥ ነከርኩት፣ ዘይት ቀባሁት። ወይ ፍንክች።

በዚያ ላይ ለቅሶ አለብኝ። ጎረቤቴ ደምሴ ሚስቱን ቀብሮ ገና ማግስቱ ነው፤ ከቀብር ሲመለስ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። የእኔዋ ያረፈች ጊዜ እኔም እንዲሁ አፌን ዘግቼ ነበር። ያኔ አጠገቤ ቁጭ ብሎ «ካልበላህ አልነሳም» እያለ በእጁ ያጎረሰኝ ደምሴ ነው። አሁን ተራው የእኔ ነው። ከማንም እጅ አልበላም ስላለ ሴቶቹ ለምሳ እንዳልቀር ልከውብኛል።

እጄን ጋቢዬ ውስጥ ሸሽጌ ሄድኩ። በግራ ማጉረስ ነውር ነው። በጅብ ማጉረስ ደግሞ ስምም አልወጣለት።

ድንኳኑ ውስጥ ከደምሴ ጎን ተቀመጥኩ። ለእድሩ ወጥ የምትሠራው አሰለፈች ማስታጠቢያ ይዛ ፊቴ ቆመች።

«ጋሽ በዳዳ፣ እጅዎን።»

«ታጥቤ ነው የመጣሁት።»

«ሊያጎርሱት አይደል እንዴ? እርስዎን ነው እኮ የጠበቅነው።»

«ቆይ... ትንሽ ቆይ።»

ደምሴ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ አብጧል። «ተዪው አሰለፈች» አላት። «እኔን ማጉረስ ከብዶት ይሆናል።»

ይኼን ሰምቶ እጁን ደብቆ የሚቀመጥ ሰው ካለ፣ እሱ እኔ አይደለሁም። አወጣሁት።

አሰለፈች «በስመ አብ» ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔም ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየሁት... ዘይት የጠገበ፣ ጠቁሮ የተጨማደደ፣ ቢጫ ጥፍር የተንጠለጠለበት ነገር። ልታጠብ ብዬ ጣቴን ሳጥፈው አንዱ ጥፍር ቀጭ ብሎ ማስታጠቢያው ውስጥ ወደቀ። ሌላውም ተከተለው። ሰናይት እንዳለችው። ያ ሙጫ አጥብቆ የያዘው እኔን እንጂ ጎማውን አልነበረም።

ደምሴ ማስታጠቢያው ውስጥ አየ። እኔን አየ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«የጅብ እጅ ነው።»

«ማን አደረገህ?»

«ራሴ።»

«እሱንማ መች አጣሁት» አለ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሊያለቅስ ነው ብዬ ነበር... አላለቀሰም። «ታዲያ አንተ በምን ልትበላ ነው?»

ደምሴ እጁን ዘረጋ፣ አሰለፈች አፈሰሰችለት። እንጀራውን በምስሩ ወጥ ጠቅልሎ አፌ ላይ አደረሰው።

«ካልበላህ አልነሳም» አለኝ።

ጎረስኩ። ሌላ ጠቀለለ። ይኼኔ አፌን ገጠምኩ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል እኮ» አለኝ።

«እንግዲያው ሁለተኛውን አንተ ጉረሰው፣ ካልሆነ እንጣላለን።»

ጉርሻውን አየው... ጎረሰው። ከዚያ ሳይነገረው ወደ ትሪው ተመለሰ። ሴቶቹ እንዳላዩ ሆነው ፊታቸውን አዞሩ።

ጣፈጠኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ያ እጅ አፍንጫዬ ስር ተቀምጦ ምስሩ የተቃጠለ ጎማ ጎማ ነበር የሚለኝ። ቢሆንም ዋጥኩት።

ከሰዓት በኋላ ሰናይት የጥፍር ቀለም በሚያስለቅቁበት አሴቶን እየነከረች፣ ከነቆዳዬም ቢሆን፣ አላቀቀችኝ። ማስቲሹን ከአጥሩ ስር አምጥታ ፊቴ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረገችው።

ዛሬ አዲስ ጓንት ላይ እየለጠፈች ነው። ጥፍሩን ጎትቼ አይቻለሁ፣ ይይዛል። እኔ ግን ይኼን የምጽፍላችሁ ብርዱን ችዬ ግቢ ተቀምጬ ነው... ቢይዝም ይገማል።