ሰላህ ሊከፍተው ያልቻለው መልእክት

ሰላህ ቡርሀን በባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ ሰፈር፣ ሞባይል ይጠግናል። ሠላሳ አምስት ሳይሞላው ሲያዩት ከአርባ የዘለለ ይመስላል። ጎረቤቶቹ «ስክሪን በላው» ይላሉ፤ እሱ ግን ያደከመው ሰው ያልጠየቀውን ነገር ለሰው መሥራት እንደሆነ ያውቃል።

መጀመሪያ ቢትኮይን የሚሉት፣ ኮምፒውተር እያሠሩ የሚያገኙት የኢንተርኔት ገንዘብ ነበር። ያረጁ ኮምፒውተሮች ለቃቅሞ ከአባቱ የጨርቅ መደብር ጓዳ ደረደረና ሌት ተቀን ሲያስጮኻቸው ከረመ። ጓዳው እንደ ምድጃ ጋለ፤ መብራት በሄደ ቁጥር ሥራው ይቆማል። አባቱ ሐጂ ቡርሀን አንድ ቀን ከበሩ ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ የማይዳሰስ ገንዘብ ዘካው በምን ይወጣለታል?» አሉት። ጥቂት እንዳጠራቀመም ዲስኩ ተቃጠለ፤ ገንዘቡን የሚከፍተው የምስጢር ቁልፍም አብሮ ጠፋ። አቤት የሚባልበት ባንክ የለም። ሰላህ ገንዘቡን የወደደው ባንክ ስለሌለው ነበርና በማን ያማርር?

ከዚያ ማንም ገልጦ አይቶ ሊያርማቸው ወደሚችል ነጻ ሶፍትዌሮች ዞረ። በደንበኞቹ ኮምፒውተር ላይ ለምኖ ይጭንላቸዋል፤ በሳምንቱ «የድሮውን መልስልን» እያሉ ይመጣሉ። ይመልስላቸዋል።

ኢንተርኔት በተቋረጠበት፣ መንገዱም በተዘጋጋበት ጊዜ ግን ሰው ፈለገው። ሰላህ በዚያው ነጻ ሶፍትዌር መልእክት የሚያጠራቅም ትንሽ ሣጥን ሠርቶ ከጣና ሐይቅ ማዶ ወደ ጎርጎራ በምትመላለሰው የጭነት ጀልባ ላይ ሰቀለ። ወደቡ አጠገብ ቆሞ በስልኩ የጻፈ ሰው መልእክቱ ከሣጥኑ ይገባል፤ ጀልባዋ ጎርጎራ ስትደርስ ተቀባዩ ወደ ወደብ ወርዶ በስልኩ ይቀበላል። ከተቀባዩ ስልክ በቀር መልእክቱን የሚከፍተው የለም። «እኔም ብሆን» እያለ ሰላህ ይኩራራ ነበር።

በክረምቱ መግቢያ ሐይቁ ድንገት ተናወጠና ኢብራሂም የሚባል ወጣት ዓሣ አጥማጅ ከነጀልባው ተገለበጠ። አስከሬኑ ተገኘ፤ ስልኩ ግን ጣና ውስጥ ቀረ። ከቀብሩ በኋላ እናቱ ወይዘሮ ዘሊካ ጥቁር ሻርፓቸውን ተከናንበው ሰላህ ሱቅ መጡ።

«ሣጥኑን የሠራኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እትየ። አላህ ይርሀመው።»

«ልጄ ከመውጣቱ በፊት ወደቡ ላይ ቆሞ ሲጽፍ ነበር አሉኝ። ምን ነበር ያለው?»

«አላውቅም። ተቆልፏል።»

«መቆለፊያውን የሠራኸው አንተ አይደለህ?»

«ሠራሁት። ግን እኔም እንዳልከፍተው አድርጌ ነው የሠራሁት።»

ዘሊካ ትክ ብለው አዩት። «ራሱ የማይገባበትን ቤት የሚሠራ ምን ዓይነት አናጢ ነው፣ ልጄ? እሺ፣ ለማን እንደጻፈ እንኳ ንገረኝ።»

ይህን ያውቃል። መልእክቱ እስካሁን አልተወሰደም፤ በላዩ «ናኢማ፣ ጎርጎራ» የሚል ስም አለ። ስሙ ከምላሱ ጫፍ ደረሰ። ግን ኢብራሂም ለእናቱ ያልነገረውን ስም እሱ ማን ሆኖ ይናገራል?

«ትንሽ ይታገሡኝ» ብቻ አለ።

በማግስቱ በዚያችው ጀልባ ላይ ተሳፈረ። በጆንያዎቹ መካከል ተጋድሞ ለመተኛት ሞከረ፤ የሴትዮዋ ጥያቄ ግን አላስተኛው አለ። ጎርጎራ ደርሶ ሲያጠያይቅ ናኢማን አባቷ ሱቅ ውስጥ ሳሙና ስትደረድር አገኛት። ማን እንደሆነ ነገራት።

«ከሣጥኑ ላይ ያልወሰድሽው መልእክት አለ።»

«አውቃለሁ» አለች፣ እጇን ከሳሙናው ሳታነሣ። «ከሞተ ወዲህ ወደብ አልወረድሁም። ካነበብሁት ያልቃላ።»

ሰላህ ከበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ሐሳቡ ሁሉ ማን እንዳይከፍተው ነበር፤ መክፈት የማይፈልግ ሰው ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም።

«እናቱ እየጠበቁ ነው» አላት።

«ስሜን ነግረዋቸዋል?»

«አልነገርሁም።»

ናኢማ ሱቁን ዘጋች። ወደ ወደቡ አብረው ወረዱ። ጀርባዋን ሰጥታው፣ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ አነበበች፤ አንብባ ስትጨርስም አልዞረችም። ሰላህ የጀልባዋን ገመድ ያያል።

«ከአክስቴ ጋር ለቅሶ ልድረስ ብዬ እመጣለሁ» አለች። «የሚነገረውን እኔው እነግራቸዋለሁ።»

መጣችም። ሰላህ ከዘሊካ ቤት ድረስ አደረሳቸውና ጫማ ከሚወለቅበት መተላለፊያ ቀረ። ከውስጥ መጀመሪያ ልቅሶ፣ ዘግይቶ ደግሞ የአሮጊት ሳቅ የሚመስል ነገር ተሰማው። ቃሉን አልለየውም። እንዳይሰማ ብሎ ወደ ግቢው ወጣ።

ዘሊካ ሊሸኙት ሲወጡ ዓይናቸው አብጧል።

«አላህ ይስጥህ። አሁን ሂድና ተኛ፣ ፊትህ የበሽተኛ ሆኗል።»

ሄዶ ተኛ። ሁለት ቀን ሱቁን አልከፈተም።

ኢንተርኔት ሲመለስ ሰው ሁሉ ወደ ቀድሞ መተግበሪያው ተመለሰ። የጀልባዋ ሾፌር «ቦታ ያዘብኝ» ብሎ ሣጥኑን ሲያወርድ ሰላህ አልተከራከረም፤ ተቀብሎ በባጃጅ ወሰደው። ሚስጥር መጠበቅ ምን ያደርጋል የሚሉትን እንደ ዱሮው ቆሞ አይሟገትም፤ ይሰማቸውና ስልካቸውን ጠግኖ ይሰጣቸዋል።

ዒድ በመጣ ቁጥር ናኢማ ከጎርጎራ እየመጣች እትየ ዘሊካ ዘንድ ትሰነብታለች። መንገድ ላይ ካገኙት ሁለቱም ቆመው ስለ ጤናው፣ ስለ አባቱ ይጠይቁታል። ስለ መልእክቱ አያነሡም፤ እሱም አይጠይቅም።