ጋሽ ሙላው በማይክ የዋሸው ውሸት

ጠዋት ስልኬን ሳነሳ ከጋሽ ሙላው ልጅ ከሰናይት ሁለት ያላነሳሁት ጥሪ አገኘሁ። መልሼ ስደውል «አባዬ አረፈ» አለችኝ። «እሺ» ብያት ዘጋሁት። ለዚህ እሺ ይባላል?

ከዚያ ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም፣ ለራሱ ደወልኩለት። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። አሁንም መልሶ የሚደውል እየመሰለኝ ስልኩን ከእጄ አላስቀመጥኩም።

ለማታውቁት፦ ጋሽ ሙላው በደርግ መጨረሻ ዓመታት ጎንደር አራዳ ውስጥ፣ በቀበሌው አዳራሽ፣ የቪዲዮ ፊልም አስተርጓሚ ነበር። ያኔ የፊልሙ ድምፅ ይቀነስና አንድ ሰው ማይክ ይዞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ሁሉንም ይሆናል። ሴቷንም፣ ፖሊሱንም፣ ካስፈለገም ውሻውን።

እኔ ከተመረቅኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ሥራ እስካገኝ ስለ እሱ አጭር ፊልም እሠራለሁ ብዬ ስልኬን ደቅኜበት ከረምኩ። ችኩል ነኝ፣ ታውቁኛላችሁ። ገና አፉን ሲከፍት «ከዚያስ?» እለዋለሁ። እሱም «ምስሉ ይቅደም፣ ልጄ» ይለኛል። አስተርጓሚ ከምስሉ ቀድሞ ከተናገረ ሰው ይስቅበታል ማለቱ ነው። ግን ስለ ሥራ ፍለጋዬም ሆነ ስለ ትዳር ሳወራው መልሱ ይኸው ነበር።

ከተረጎማቸው ሁሉ ሰላም የነሳው አንድ ፊልም ነበር። እንግሊዝ አገር በርካሽ የተሠራ፣ ደሙ ቀለም መሆኑ ከሩቅ የሚያስታውቅ አስፈሪ ፊልም። አምስት ሰዎች ተባብረው የአንድን ሰው ሴት ልጅ ይገድላሉ። ፖሊስ ዝም ሲል አባትየው ራሱ አንድ በአንድ እያደነ ይገድላቸዋል። ቀበሌው የፈቀደው የካፒታሊስቱን አገር መበስበስ ያሳያል ብሎ ነው። ጋሼ ይህን ሲነግረኝ ከሳቁ ብዛት ሳል ይይዘው ነበር።

ፊልሙ አንድ ቅዳሜ ታየ፣ ወሬው ገበያውን ሞላው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ገበሬ ጋቢያቸውን ተከናንበው አዳራሹ ገቡ። ጋሼ ወዲያው አወቃቸው። ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው የኮሶዬ ሰው፣ አያ ተገኘ ናቸው። ልጃቸው ይርጋ ጎንደር ቤት ተከራይቶ ሲማር ከጋሼ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነበር የሚቀመጠው። በቀይ ሽብር ጊዜ ከተከራየበት ቤት ወስደው ገደሉት። የወሰደው ካድሬ ደግሞ ያን ዕለትም እንደ ልማዱ ፊተኛው ወንበር ላይ ተደላድሏል።

አያ ተገኘ ሄደው ልክ ከካድሬው ጀርባ ተቀመጡ። እጃቸው ከጋቢው ውስጥ አልወጣም። ምን እንደያዙ ጋሼ አላየም። ግን ፊልሙ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ተነስቶ ይጋፋል፣ በዚያ ግርግር ምን እንደሚሆን ታየው። ካድሬው ብቻውን አይሞትም፣ አያ ተገኘም ኮሶዬ አይመለሱም።

ስለዚህ ዋሸ። አምስተኛው ሰውዬ ተንበርክኮ ሲለምን፣ ጋሼ በማይክ «እኔ አልነበርኩም፣ በሰው ተሳስተህ ነው» አስባለው። አባትየውም ከገደለው በኋላ «ንጹሕ ሰው ገደልኩ፣ እኔም እንደ እነሱ ሆንኩ» ብሎ እንዲያለቅስ አደረገው። ፊልሙ ውስጥ እንዲህ የሚባል ነገር የለም።

አያ ተገኘ መብራት ሳይበራ ተነስተው ወጡ። ካድሬው በኋላ ባለፈው ሳምንት እንዲህ አላልክም ብሎ አፋጠጠው። ጋሼም እንግሊዝኛው ያኔ አልገባኝም ነበር ብሎ አመለጠ።

ደርግ ሲወድቅ ካድሬው የገባበት ጠፋ፣ ማንም አልጠየቀውም። ጋሼን ዕድሜውን ሙሉ የበላው ይህ ነው። «ለአንድ አባት የልጅህ ገዳይ ንጹሕ ነው አልኩት። አምኖኝ ከሆነስ?» ይለኛል። ይህን ሲል ፊቱ እንዴት እንደሚደክም ያየሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው በጋ ነዝንዤ ነዝንዤ ኮሶዬ ወሰድኩት። አያ ተገኘ ዘጠናን አልፈዋል፣ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጋሼ ቁጭ በል ሲሉት እንኳ እምቢ ብሎ እንደ ቆመ ሁሉንም ነገራቸው።

አያ ተገኘ «ሰውየው እኮ ያነክሳል» አሉ።

«የትኛው ሰውዬ?» አለ ጋሼ።

«ልጅቱን ሲገድሏት አንድ የሚያነክስ ነበረ። መጨረሻ ላይ የተንበረከከውም ሲሸሽ ያነክስ ነበር። ጆሮዬን ብትዋሸው ዓይኔን ምን ልታደርገው ኖሯል?»

«ታዲያ ምነው ወጥተው ሄዱ?» አለ ጋሼ።

«ከተማው ይርጋዬን የረሳው መስሎኝ ነበር። አንተ በዚያ ሰውዬ ፊት ቆመህ ስትዋሽ ዓይንህ እኔ ላይ ነበር። ለካስ የሚያስበው አለ አልኩ። ይኼማ ሸጋ ልጅ ነው፣ በእኔ ጦስ አይለቅ ብዬ ሄድኩ።»

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። ፊልም ሠሪ ነኝ ባይዋ እኔ ያቺን ቀን አልቀረጽኩም። አልቆጨኝም፣ ግን ዛሬ ድምፁን ብሰማው ደስ ይለኝ ነበር። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ ጎንደር ገባን። እንደዚያ ተኝቶ አይቼው አላውቅም።

ጋሼ፣ ዛሬ ኮሶዬ ደውዬ ነገርኳቸው። የልጅ ልጃቸው መንገዱ ይከብድዎታል ቢላቸው «አባቱን ቀድሞ ነው የቀበረው፣ ታዲያ ማን ሊቆምለት ነው?» ብለው ተቆጡት። ነገ በጠዋት ሄጄ አመጣቸዋለሁ። በቀብርህ ላይ አባት ሆነው ይቆሙልሃል፣ እኔም ክንዳቸውን ይዤ። ደክሞህ ነበር ጋሼ። እረፍ በቃ።