አሰፋሽና የከርከሚሽ ሰዎች

አሰፋሽ ልሳነወርቅ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንላት ሰው ነበረች። ስቶክሆልም በገባች በሁለተኛው ዓመት የኪራይ ክፍል ከመቀያየሯ ብዛት ጓደኞቿ አድራሻዋን መጠየቅ ትተው፣ «ዛሬ ደግሞ የት ነሽ?» ብቻ ይሏት ጀመር። የመጣችው በፈረንጆቹ 1963 ነው፤ በመንግሥት ስኮላርሺፕ፣ የሐኪም ቤት ላቦራቶሪ ሙያ ልትማር። ትምህርቱን አልጠላችውም። እንዲያውም የደም ጠብታ በመስታወት ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ደስ ይላት ነበር። ግን ማይክሮስኮፑን ለቃ ስትነሳ ክፍሏ ውስጥ መቀመጥ ያቅታታል። ያን ጊዜ ሃግሴትራ ካለው ክፍሏ ወጥታ ቱነልባና የሚሉትን የምድር ውስጥ ባቡር ትሳፈርና ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ ቬሊንግቢ ትወርዳለች። ሱቆቹን ትዞርና ምንም ሳትገዛ ትመለሳለች።

ይሄ ነገር አገር ቤት የጀመራት ነው። በንጉሡ ላይ በተነሳው በታኅሣሡ ግርግር ጊዜ፣ ጎረቤታቸው የነበረ የክብር ዘበኛ መኮንን እጁን ታስሮ ሲወሰድ በመስኮት አይታለች። እስከዚያ ቀን ድረስ መንግሥት ማለት ለእሷ እንደ ተራራ ነበር፤ ተራራ ሲነቃነቅ ያየ ሰው ደግሞ መሬቱን አያምነውም።

አንድ የኅዳር ማክሰኞ ቬሊንግቢ ላይ ውርጩ ሲበረታባት ለመሞቅ ብላ ቤተ መጻሕፍቱ ገባች። በአንዱ ክፍል ሰዎች ተሰብስበው ግድግዳ ላይ ሥዕል ያያሉ፤ እሷም ከኋላ ተቀመጠች። ስዊድኖች ስቱዲየሲርኬል የሚሉት፣ ማንም ሰው ገብቶ የሚማርበት የጥናት ማኅበር ነው። አስተማሪው ማጊስተር ሉንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ነበሩ። የዚያን ቀን የሚያወሩት በጥንት ዘመን የዛሬዋን ቱርክ ይገዙ ስለነበሩት ስለ ኬጢያውያን ነው፤ ያውም ስለ ታላቁ መንግሥታቸው ሳይሆን፣ እሱ ከወደቀ በኋላ ስለተረፉት።

አሰፋሽ ኬጢያዊውን ኦርዮን ከመጽሐፍ ታውቀዋለች፤ ንጉሥ ዳዊት ሚስቱን ወስዶ እሱን ጦር ፊት አሰልፎ ያስገደለው ሰው። ወገኖቹ እነማን እንደሆኑ ግን ጠይቃ አታውቅም ነበር። ማጊስተር ሉንድ አንድ የድንጋይ ሥዕል አወጡ። በአንድ ወገን ሥዕል የሚመስል የኬጢያውያኑ ወራሾች ጽሕፈት አለበት፤ በሌላው ወገን ያው ቃል በፊንቄ ቋንቋ ተጽፏል። ሽማግሌው የፊንቄውን ቀስ ብለው ያነቡት ጀመር።

አሰፋሽ ከወንበሯ ተነሳች። አባቷ የቅኔ መምህር ስለነበሩ ግዕዝ በጆሮዋ የገባው ገና ሳታነብ ነው። «ይኩን» አለ ድንጋዩ፣ ልክ እንደ ግዕዝ። «ለዓለም» አለ። «ከመ» አለ፤ «ስም» አለ፤ «ወርኅ» የሚመስል ነገርም አለ።

«ወይዘሪት ምን ሆኑ? ሊሄዱ ነው?» አሏት ሉንድ።

«አይደለም» አለች በተሰባበረ ስዊድንኛ። «ይገባኛል። የሰውየው ስም እንደ ጨረቃ ለዘላለም ይኑር ነው የሚለው።»

«እንደ ፀሐይና እንደ ጨረቃ» አሉ ሉንድ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ። ፊታቸው በራ። «ቁጭ ይበሉ፣ እባክዎ ቁጭ ይበሉ! ይህን በማን ቋንቋ ሰሙት?»

ከዚያ ቀን ወዲያ ማክሰኞ ማክሰኞ አልቀረችም። መጻሕፍት እየተዋሰች በባቡር ውስጥ ታነባለች። ላቦራቶሪ ውስጥ መስታወቱን ስታጥብ ነገሥታቱን በቃሏ ትደረድራለች። ግን ነገሩ አላረጋጋትም፤ ጭራሽ ባሰባት። መናገሻ ከተማው ተቃጥሎ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጠፍቶ፣ ሰው እንዴት በማግስቱ ተነስቶ ያርሳል? ለልጁስ የማንን ስም ያወጣል?

ጥያቄዋን የምታወራው ለሀዲስ ነበር። ሀዲስ ምሕንድስና የሚማር፣ የኢትዮጵያውያን ተማሪዎችን ማኅበር የሚመራ፣ ንግግር ሲጀምር ጠረጴዛ የሚደበድብ ልጅ ነው።

«አገር እየነደደች አንቺ ሞተው ያለቁ ሰዎች ትቆፍሪያለሽ» አላት።

«አላለቁም እኮ። ነገሩ እሱ ነው።»

«እንግዲያው መጥተሽ ለሁላችን ንገሪና እንስማው።»

የቀለደ መስሏት ነበር። በሚቀጥለው ወር ግን ሶደርማልም ሰፈር በተከራዩት አዳራሽ ውስጥ ቁማ ተገኘች።  ሐቱሳ የሚሉት ዋና ከተማ ሲወድቅ ሕዝቡ አብሮ እንዳልጠፋ ነገረቻቸው። ከርከሚሽ የተባለች የወንዝ ዳር ከተማቸው ገዢ የታላቁ ንጉሥ ዘር ነኝ ብሎ ስሙን እንደያዘ፣ ሌሎቹም በየወንዛቸው እንደነገሡ፣ ልጆቻቸውን በሞቱት ነገሥታት ስም ይጠሩ እንደነበር፣ ከአራማውያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ተጋብተውና ተቀላቅለው ብዙ መቶ ዓመታት እንደኖሩ አወራች። «አንድ ላይ መቆም ስላልቻሉ ግን» አለች፣ «አሦር አንድ በአንድ ለቀማቸው። ከርከሚሽም ተራዋ ደረሰ።»

 አዳራሹ በጩኸት ፈነዳ።

«ዙፋኑ ይቃጠላል ማለትሽ ነው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ወደየጎጣችን እንበታተን ነው የምትይን?» ብሎ ሌላው ተነሳ።

ሀዲስ ጠረጴዛውን ቢደበድብም የሚሰማው አልነበረም። አሰፋሽ ካፖርቷን ሳትቆልፍ ወጥታ በረዶው ላይ መንገድ ያዘች። ተናዳ አልነበረም። ሰዎቹ የጠየቋት እሷ ራሷን ስትጠይቅ የከረመችውን ነው።

ወሬ ደግሞ ባለቤቱን ቀድሞ ይደርሳል። በኤምባሲው ስኮላርሺፕ ያላቸውን ተማሪዎች የሚከታተሉት አቶ ገብረ ወልድ አስጠሯት። ድሮ ዲያቆን የነበሩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ አትደንግጪ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ይኼ ከርከሚሽ የምትሉት የትኛው ጠቅላይ ግዛት ነው?»

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። «ጌታዬ፣ የሰው አገር ከተማ ነው። የጥንት ነው። ትንቢተ ኤርምያስ ላይ አለ። የኬጢያዊው የኦርዮ ወገኖች ከተማ ነበር።»

 «ኦርዮ» አሉ አቶ ገብረ ወልድ። «ምስኪን። ታማኝ ነበር እኮ።» ከዚያ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ወደ እሷ ጠጋ አሉ። «እንግዲያው ቀላል ነው። የተናገርሽው ስለ ጥንት ሰዎች ብቻ ነው፤ እኛን አይመለከትም። እንዲህ በይኝ፣ እኔም ለጠየቁኝ ይህንኑ እላለሁ። ትምህርትሽን ትጨርሻለሽ።»

መልካም ሰው እንደሆኑ አየች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ውጭ አውቶቡስ አለፈና መስኮቱን አንቀጠቀጠው። እሷም የዚያን የመኮንን ጀርባ፣ ወደ ኋላ የታሰረ እጁንም አሰበች።

«እኛንም ይመለከታል» አለች። «ስለ እኛ እያሰብኩ ነው ያነበብኩት። እርስዎን ልዋሽዎት አልፈልግም።»

ሰውየው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ብትዋሺኝ ይሻለኝ ነበር» አሉ።

ስኮላርሺፑ በዚያው ቀረ። አሰፋሽ ከአንድ ሐኪም ቤት የላቦራቶሪ ዕቃ አጣቢነት ተቀጠረች። ቀን ብልቃጥ እያጠበች፣ ማታ እያጠናች፣ ፈተናዋን ከጓደኞቿ ዘግይታም ቢሆን አለፈች። ክፍሏን ስትለቅ ሻንጣዋን ተሸክሞ ያጓጓዛት ሀዲስ ነበር። ደረጃ ላይ ቆም ብሎ፣ «የጠራሁሽ እኔ ነኝ» አላት።

«የተናገርኩት ግን እኔ ነኝ» አለችው። «ሻንጣውን አታዘንብለው፣ መጽሐፍ አለበት።»

በፈረንጆቹ 1968 በጋ የማጊስተር ሉንድ ማኅበር ወደ ቱርክ ሄደ፤ አሰፋሽም አብራ። በሁለት ቋንቋ የተጻፈባቸው ድንጋዮች የጥድ ዛፍ የሞላበት ኮረብታ ላይ ናቸው፤ ከድንጋይ የተጠረቡት አንበሶች ሥራቸው ያላለቀ ይመስል አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል። ሉንድ እንደ ልጅ እየዘለሉ ሲያሳዩ እሷ ግን ብዙ አልቆየችም። ወደ ታች ወርዳ ፍየል ከምትጠብቅ አንዲት ሴትዮ አጠገብ ተቀመጠች። የማኅበሩ አስተርጓሚ መጣና አወሩ። የመንደሩ ሰዎች አያቶች ድንኳን ለድንኳን የሚኖሩ ዘላኖች እንደነበሩ፣ እዚህ የሰፈሩት በኋላ እንደሆነ ሴትዮዋ ነገረቻት።

«ከእናንተ በፊትስ እነማን ነበሩ?» አለች አሰፋሽ።

«ሌሎች» አለች ሴትዮዋ ትከሻዋን ነቅንቃ። «ውኃው ጥሩ ነው፤ ማን ትቶት ይሄዳል?» ብላም ከጎኗ አይብ ቆርሳ ሰጠቻት።

አሰፋሽ በላች። ደስ አላት፤ ደስታው ግን ረግቶ አልቆየም። ገና አይቡን ሳትጨርስ ከዚህ ወዴት እንደምትሄድ ታስብ ነበር።

በተከታዩ ዓመት ሀዲስ ዲግሪውን ይዞ አገሩ ገባ። እሷም እንድትመለስ ለመናት፣ ተቆጣት፣ በመጨረሻም አቅፎ ሳማት። «መቼ ትመጫለሽ?» አላት። በዚያው ሳምንት ዩኒቨርሲቲ ሄዳ ለጥንት ቋንቋዎች ትምህርት ተመዘገበች። የመጀመሪያው ቀን ክፍሉ ባዶ ወንበር ሞልቶት ነበር። ፊት ለፊት ያለውን አየችው፣ መሐል ያለውንም አየችው፤ ከበሩ አጠገብ ያለውን መርጣ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።