ገብሱን ያመጣው ቤት

ከጥቂት ዓመታት በፊት አምቦ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር አማካሪዬ ጥለውኝ ሊሄዱ ነበር። ከሂማላያ ተራሮች መሀል፣ ከአንድ ሸለቆ የመጡ ህንዳዊ ናቸው። እንጀራው አልስማማ ብሏቸው በሙዝና በብስኩት ሲኖሩ ኮታቸው እስኪሰፋቸው ከሱ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ አገሬ እገባለሁ አሉ። እሳቸው ከሄዱ ጥናቴ ሜዳ ላይ መቅረቱ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ያዘንኩት ለራሴ ነበር።

ጥናቴ በትውልድ ከተማዬ በጎጆ በሚበቅለው ገብስ ላይ ስለነበር አንድ ቀን ማሳውን ሊያዩ አብረን ሄድን። መንገዱ ሲያንገጫግጨን አርፍዶ እናቴ ቤት ለምሳ ገባን። እናቴ የፕሮቴስታንት ጸሎቷን አስረዝማ ስታበቃ ሻይ፣ በሶ፣ ቅቤና ጨው አቀረበች። በሶውን ልታሽላቸው እጇን ስትዘረጋ ሳህኑን ቀሟት። ቅቤውንና ጨዉን ሻያቸው ውስጥ ከተቱ፣ በሶውን ጨመሩበት፣ በጣታቸው አሽተው ጎረሱ። እናቴ ቅቤ ሻይ ውስጥ ሲገባ አይታ አፏን ያዘች። የእሳቸው ዓይን ግን እንባ አቀረረ።

«እናቴ ቤት እንዲህ ነው የምንበላው» አሉኝ።

ከስልካቸው ፎቶ አሳዩን። ታች የገብስ ማሳ፣ ላይ ገደሉ አፋፍ ላይ ትንንሽ መስኮት ያለው ነጭ ግንብ።

«መነ ሂዻ ነው እንዴ?» አለች እናቴ። እስር ቤት መስሏት ነው።

ላለመተርጎም ፈልጌ ነበር፣ ግድ አሉኝ። ስነግራቸው ከልባቸው ሳቁ። የቡድሃ መነኮሳት ገዳም ነው አሉ። ድሮ ጠላት ሲመጣ የሸለቆው ሰው እህሉን ተሸክሞ እዚያ ይገባ ነበርና ግንቡ የወፈረው ለዚያ ነው። ዛሬም አዲስ ገብስ ሲደርስ በሶው ወደ ገዳሙ ይወጣል። ያመጣው ቤት ስም ጮክ ተብሎ ሳይጠራ መነኮሳቱ አይቀምሱም። ይህን ለእናቴ ስተረጉምላት ደስ አላት።

ከዚያ ወዲያ በየሁለት ሳምንቱ ከጎጆ በሚመጣ ሚኒባስ እናቴ አንድ ፌስታል በሶ ትልክላቸው ጀመር። መሄዱም ቀረ፤ ጥናቴ እስኪያልቅ ቆዩልኝ።

የመጨረሻውን ረቂቅ ስሰጣቸው የምስጋናው ገጽ ላይ ዲፓርትመንቱን፣ ቤተ ሙከራውን፣ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት አመስግኛለሁ። እሳቸውንማ ሁለት ጊዜ። በሌላው ገጽ ሁሉ ቀይ እስክሪብቶ የሚያርከፈክፉት ሰው እዚህ ላይ አንድ መስመር ብቻ ጻፉ፦ «ገብሱን ያመጣው ቤት አልተጠራም።»

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ላስተማረኝ ሰው ሁሉ ምስጋና ስደረድር፣ አስተማሪዬን ያቆየችልኝን እናቴን ዘልያታለሁ። እስከ ዛሬ ስለዚያች አንድ መስመር አማካሪዬን አመሰግናለሁ።

ጥናቱ ሲታተም ጎጆ ወሰድኩት። እናቴ አጠገብ ተቀምጬ የምስጋናውን ገጽ በኦሮምኛ አነበብኩላት። ስሟ ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«አልሰማሁም፣ ጮክ በይ» አለች።

ጆሮዋ ምንም አልሆነም። ጮክ ብዬ ጠራኋት።